ለሌለ ወፍ እውቅና

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሱን ስም ያወጡት ግን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የማሽን ክፍል ሠራተኞች ናቸው፤ እነሱን መልአክ ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ በዚያ ክፍል በር አልፎ አያውቅም ማለት ነው። ሃያ ሰባት ዓመት የዕቃ መጋዘን ኃላፊ ሆኖ ሠርቷል። አንድ ሠራተኛ በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ አምፖል...» ሲል መልሱ ቀድሞት ይደርሳል፦ ወፍ የለም። መጥረጊያ? ወፍ የለም። ሳሙና? ወፍ የለም። አንድ መካኒክ ገና «እንዴት አደርክ» ብሎ ሳይጨርስ «ወፍ የለም» ተብሎ ሰላምታውን እንደያዘ ተመልሷል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ወፍ ነበረ። መደርደሪያው እስኪጎብጥ ነበረ። ጡረታ በወጣ ዕለት ተተኪው መጋዘኑን ሲረከብ ማሰሪያቸው ያልተፈታ መጥረጊያዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረው አገኘ፤ ግማሹን ምስጥ በልቶታል። ሌባ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። አንዲት ክብሪት እንኳ ወደ ቤቱ ይዞ አልሄደም። ዕቃ ከመደርደሪያ ሲወርድ አንጀቱ አይችልም ነበር፣ ያ ብቻ ነው። የተሰጠ ዕቃ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ያልቃል። ያልተሰጠው ግን እዚያው አለ። በዚህ የተነሳ ስሙ «ወፍ የለም» ሆኖ ቀረ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሱ ራሱ ይህን ስም የሰማው ፋብሪካውን ሊለቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው።

እንግዲህ የወፍ ወዳጅ ሰፈር ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠው ይህ ሰው ነው። አትሳቁ፤ ገና ምኑ ተነካና።

የሚኖረው አራት ሕንፃ ባለበት ግቢ ውስጥ ነው። በአራቱ መሀል አንድ ያረጀ የሾላ ዛፍ አለ። ፍሬው ሲበስል የወፍ ዘር ሁሉ ይሰፍርበታል። የበላ ደግሞ ማስወጣቱ አይቀርምና ከሥሩ የቆመ መኪና ሁሉ ኩስ በኩስ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ሁለተኛ ፎቅ ያለውን ጥርስ ሐኪም ነው። ነጭ መኪናውን ጠዋት ጠዋት እንደ ጥርስ ፍቆ ያጥባል፤ ማታ ሲያየው ዥንጉርጉር ነው። መጨረሻ ላይ ወረቀት ይዞ በየቤቱ ዞረ፦ ዛፉ ይቆረጥ፣ ቦታው የመኪና ማቆሚያ ይሁን። የግቢው ግማሽ ፈረመ።

ጋሽ ወፍ የለም አልፈረመም። መኪና ስለሌለው አይደለም። ሚስቱ ናት ምክንያቱ። ከአምስት ወር በፊት ደረጃ ላይ አዳልጧት የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። አጥንቱ ገጠመ፣ ደረጃው ግን አልተቻለም። አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ውሎዋ ወንበር ላይ ነው፣ ወንበሩ መስኮት ሥር ነው፣ መስኮቱ ደግሞ የሚያየው ዛፉን ነው። ዛፉ ከተቆረጠ የሚቀርላት ማዶ ያለው ሕንፃ ነው፤ እዚያ ደግሞ ጥርስ ሐኪሙ ልብሱን በሚያሰጣበት ገመድ ላይ ዓይኗ ይውላል።

ሴትየዋ ምላሷ እንደ ምላጭ ነው። ለምና አታውቅም፣ አሁንም አልለመነችም። አንድ ቀን ብቻ፣ ስለ ፊርማው ስትሰማ፣ የሰው የውስጥ ሱሪ እያየች ከምትሞት ደረጃውን ተንከባልላ ብትወርድ እንደሚሻላት ተናገረች። ቀልድ ነበር። እሱ ግን ከሆዱ ገባ። ያን ዛፍ ለሷ ማቆም አለብኝ ብሎ በልቡ ማለ።

መንገዱን ያገኘችው ምድር ቤት የምትኖረው ጡረተኛ አዋላጅ ናት። የግቢውን ግማሽ ሰው በገዛ እጇ ወደዚህ ዓለም ስላመጣች ማንንም አትፈራም። የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ወፍ ለሚንከባከቡ ሰፈሮች «የወፍ ወዳጅ ሰፈር» የሚል የእውቅና ሰሌዳ እንደሚሰጥ በሬዲዮ ሰማች። ሰሌዳው በበሩ ላይ በተሰቀለበት ግቢ ውስጥ ያለ ዛፍ ማንም አይነካውም። ወዲያው ኮሚቴ አቋቋመች፣ ራሷን ሊቀመንበር አደረገች፣ የሱ የእጅ ጽሑፍ ያማረ ነውና ጸሐፊ ይሁን አለች። በልማዱ «ወፍ የለም» ሊል አፉን ከፈተ፣ መስኮቷ ትዝ አለው፣ ዘጋው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ አለ።

ሁለት ወር ሠሩ። ወፎች እየተጋጩ እንዳይሞቱ በደረጃው መስታወቶች ላይ ነጫጭ ፕላስተር በመስመር ለጠፉ። የግቢው ትልቅ መብራት በጊዜ እንዲጠፋ አስወሰኑ። ልብስ ሰፊዋ ለሦስቱ ድመቶቿ ቃጭል ያለው የአንገት ማሰሪያ ሰፋችላቸው፤ ድመቶቹ በሄዱበት ሁሉ እያቃጨሉ ከወፍ ቀርቶ ከአይጥም ተቆራረጡ። የአይጥ መርዝ ተከለከለ። በስብሰባ ላይ አንድ አባል «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ እንመታለን» ብሎ አዋላጇ ከቃለ ጉባኤ አሰርዛበታለች።

ጋሽ ወፍ የለም ጠዋት ማህደሩን በብብቱ ሸጉጦ ይወጣል፣ የሚመለሰው ለእራት ነው። ሚስቱ «ክቡር ሚኒስትር ገቡ» ብላ ትቀበለዋለች። ከዚያ የቀኑን ወሬ ትነግረዋለች፤ ወሬው ሁሉ የወፍ ነው። ለእያንዳንዱ ወፍ የግቢውን ሰው ስም አውጥታለታለች። ደረቷን ነፍታ የምትሄደው ርግብ አዋላጇ ናት። ነጭ ደረት ያለው ቁራ፣ ጋዋን የለበሰ ስለሚመስል፣ ጥርስ ሐኪሙ ነው። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ክር የምትጎትተዋ ልብስ ሰፊዋ ናት። እኔስ የቱ ነኝ ብሎ ቢጠይቃት አንተ ጉጉት ነህ፣ ቀን ቀን አትገኝም አለችው። ሳቀ። የነገሩን ቁም ነገር አልሰማውም፤ ልቡ ስብሰባው ላይ ነበር።

አንድ ቀን አዋላጇ አንድ ሐሳብ አመጣች። አራት ሆነን ከነወንበሯ ተሸክመን እናውርዳትና ከዛፉ ሥር አየር ትቀበል አለችው። ደረጃው ጠባብ ነው አለ። አንዱ እግሩን ቢስተውስ አለ። እዚያው ደህና ናት አለና ወደ አጀንዳው ተመለሰ። ሚስቱን አልጠየቃትም።

ቅጹን የሞሉት አዋላጇ ቤት ተሰብስበው ነው። እሷ ጥያቄውን ታነባለች፣ ኮሚቴው ይመልሳል፣ እሱ ይጽፋል። በግቢው የሚዞር ልቅ ድመት ስንት ነው? ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ምንም አለ። እሱም ጻፈ። መርዝ የሚረጭ ሰው? ምንም። ሌሊቱን ሲበራ የሚያድር መብራት? ምንም። ምልክት ያልተለጠፈበት ትልቅ መስታወት? ምንም። በዚህ ዓይነት አሥራ አንድ ጥያቄ አለፈ። ሲጨርስ ወረቀቱ እየተዟዟረ ታየ። የእጅ ጽሑፉ ከማማሩ የተነሳ ሰው አየው እንጂ አላነበበውም። አዋላጇ ያለ መነጽሯ ፈረመች፣ ማኅተም መታች፣ ተላከ።

የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማድ። መልሱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ግቢያችሁ የወፍ ወዳጅ ተብሎ ይታወቅልን ስትሉ ያቀረባችሁት ማመልከቻ ተመርምሯል። ይሁን እንጂ በቅጹ ላይ በራሳችሁ የእጅ ጽሑፍ ‹ወፍ የለም› ተብሎ አሥራ አንድ ጊዜ በመረጋገጡ፣ ጽሕፈት ቤታችን ለሌለ ወፍ እውቅና የሚሰጥበት አሠራር የሌለው መሆኑን እናሳውቃለን።»

ጥርስ ሐኪሙ ደብዳቤውን ከየት እንዳገኘው አይታወቅም። አባዝቶ በየደረጃው መግቢያ ለጠፈው፤ «አሥራ አንድ ጊዜ» የሚለውን በቀይ አስምሮበታል። ወፍ የሌለበት ዛፍ ግንድ ነው እያለ በየበሩ ሰበከ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለሚውለው ቅዳሜ ቆራጮች ቀጠረ።

አዋላጇ አልጮኸችም። ስንትና ስንት ምጥ ያየች ሴት፣ ጩኸት መቼ እንደማይረባ ታውቃለች። ከጋሽ ወፍ የለም ጋር ጎን ለጎን ቆመው ማስታወቂያውን አነበቡና፣ «ይህን ዛፍ የቆረጥከው አንተ ነህ» አለችው። «መጋዙን ማንም ይያዘው።»

ከሚስቱ ሊደብቅ አስቦ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ቀድማው ወጥታ አንብባላታለች። ሲገባ ከሳቅ ብዛት ዳሌዋን ይዛ አገኛት። አንተ ሰውዬ፣ በሰማይም በር ላይ ስምህን ሲጠይቁህ ይህንኑ ትላለህ ብላ ደግማ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ አለቀ። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። 

በማግሥቱ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። መስኮት ነበር፣ ከመስኮቱ ወዲያ አንድ ሰው ተቀምጧል። ጋሽ ወፍ የለም ጎንበስ ብሎ «ስለ አንድ ማመልከቻ...» ሲል ሰውየው ቀና ሳይል ያለቀ ጉዳይ ነው አለው። ሃያ ሰባት ዓመት በዚያኛው በኩል ሆኖ ነበርና መስኮት ከዚህኛው በኩል ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር። አሁን አወቀው። ቀጥ ብሎ ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። በማግሥቱም ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ወጣት የመስክ ሠራተኛ፣ የጫማዋ ጭቃ ያልደረቀ፣ አጠገቡ ቆማ የማን ጉዳይ እንደሆነ ጠየቀችው። ሲነግራት ከንፈሯን ነከሰች። ነገሩ ለካ ቢሮው ሁሉ የሳቀበት ነው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ተብሎ ተጻፈ?» አላት።

«አለቃችን በተጻፈው ላይ እንጂ በሳቅ ላይ አይፈርምም አባባ።»

ይግባኝ ቢገባ ግን አንድ ጠዋት መጥታ ራሷ ልትቆጥር ትችላለች። በሁለት ሰዓት ውስጥ አሥራ አምስት ዓይነት ወፍ ካየች ጉዳዩ ይከፈታል። ይግባኙን እዚያው አግዳሚው ላይ ጻፈ። ከመስጠቱ በፊት አራት ጊዜ አነበበው።

የመጣችው ሐሙስ ጠዋት ነው፣ ቆራጮቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር። ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ደብተሯን ከፈተች። አንድ ርግብ ጻፈች። አንዲት ድንቢጥ ጻፈች። ያኔ የነጩ መኪና የሌባ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ወፉ ሁሉ ብር አለ። ጥርስ ሐኪሙ በረንዳው ላይ ብቅ ብሎ ይቅርታ ባትሪው ነው አለ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ ባትሪው ደገመው። እንደገና አሥር ደቂቃ ቆይቶ ሠለሰው። ሰውየው ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ዓይኑን በጨው አጥቦ ቆሟል። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ደብተሩ ላይ ያለው ያው ሁለት ነበር።

አዋላጇ ተነሳች። ጉንጯን በእጇ ደግፋ እያቃሰተች ወደ ጥርስ ሐኪሙ በር ወጣች፤ መንጋጋዬ ሊገድለኝ ነው፣ አሁኑኑ ድረስልኝ አለችው። እሱንም ያዋለደችው እሷ ናት፤ እንደ እናቱ የሆነችን ሴት እንዴት እምቢ ይበላት? ከግቢው በር አጠገብ ወዳለው ክሊኒኩ እየደገፋት ሄደ። ቁልፉም ከኪሱ ጋር ሄደ።

ግቢው ጸጥ አለ፣ ዛፉም ጸጥ አለ። የደነገጠ ወፍ ቶሎ አይመለስም። የመስክ ሠራተኛዋ ሰዓቷን አየች። ጋሽ ወፍ የለም ቀና ብሎ መስኮቱን አየ። ቤቱ ሰው ማስገባት አይወድም፣ ትደክማለች እያለ ከበር ነው የሚመልሰው። አሁን ግን ምርጫ አልነበረውም። አንድ የምታውቅ ሰው ላይ ቤት አለች አላትና አራቱን ፎቅ ይዟት ወጣ።

ሚስቱ እንግዳዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት፣ ጫማዋን አይታ ወደደቻት። ቅርንጫፎቹን ትተሽ ማዶ ያለውን ጣሪያ እዪ አለቻት፤ ሲደነግጡ መጀመሪያ የሚሸሹት እዚያ ነው። እውነትም ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተሰልፈው ነበር። ከዚያ በተራ ስማቸውን ጠራች፣ ይህቺ ዕቁብተኛዋ፣ ያ የሦስተኛ ፎቁ አኩራፊ፣ እነዚያ ሁለቱ አዲሶቹ ተጋቢዎች፤ ልጅቷ ደግሞ ሳቋን እየዋጠች ትክክለኛ ስማቸውን ጻፈች። ዋኔ። ግንደ ቆርቁር። ጭልፊት። ቀስ በቀስ ወደ ዛፉ ተመለሱ። አሥር ሆነ፣ አሥራ ሁለት ሆነ፣ አሥራ አራት ላይ ቆመ። ሰባት ደቂቃ ቀረ።

«እማማ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚከታተሏቸው?» አለች ልጅቷ።

«ከወደቅኩ ጀምሮ። ስምንት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን።»

እሱ ወሩን ያውቅ ነበር። ቀኑን ግን አልቆጠረውም።

በሩ ተንኳኳ። ሚስቱ ግን ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም። «ይኸው ጥርስ ሐኪሙ መጣ» አለች። ልጅቷ ወደ በሩ ዞረች፤ እውነትም ጥርስ ሐኪሙ ሊቃወም መጥቶ በሩን ተደግፎ ያለከልካል፣ ከኋላው አዋላጇ ጥጥ ነክሳ ቆማለች። «እሱን አይደለም» አለች ሚስቱ፣ «ያኛውን።» ነጭ ደረቱን ያሳበጠው ቁራ ቅርንጫፉ ላይ አርፎ ክንፉን ያስተካክል ነበር። አሥራ አምስት።

ጥርስ ሐኪሙ ክሊኒኩ ውስጥ ምን እንደተደረገ በኋላ ነው ለሰው የተናገረው። አዋላጇ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይኼኛው ነው፣ አይ ያኛው ነው ስትለው ቆይታ መጨረሻ ላይ አንድ ጤነኛ መንጋጋ አስነቅላለች። ከዚያ በኋላ ስለ ዛፉ ደፍሮ ያነሳባት የለም፤ ጥርሱን የሰጠ ሰው ምን ይባላል?

ቅዳሜ የመጡት ቆራጮች ጉዳዩ እንደገና ስለተከፈተ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። እውቅናው በወሩ ጸደቀ። ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳውን የሚያስረክበው ከዛፉ ሥር እንደሆነ፣ ተቀባይዋም ወፎቹን የቆጠሩት እናት እንዲሆኑ የሚል ደብዳቤ ላከ። ጋሽ ወፍ የለም ደብዳቤውን ለኮሚቴው አንብቦ፣ እሷ መውረድ ስለማትችል እኔ እቀበልላታለሁ አለ።  አዋላጇ ኮሚቴውን አስከትላ አራት ፎቅ ወጣችና ሚስቱን ራሷን ጠየቀቻት።

«ምነው እስከዛሬ የት ነበራችሁ?» አለች ሚስቱ።

እሱ በሩ ላይ ቆሞ ሰማት።

በርክክቡ ዕለት ከነወንበሯ አወረዷት። የወንበሩን የፊት ቀኝ እግር የያዘው ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ክንደ ብርቱ እሱ ብቻ ነበረ፣ አዋላጇም አዘዘችው። ጋሽ ወፍ የለም ከኋላ ከኋላ ቀስ፣ ቀስ እያለ ተከተለ። ማንም አልተንሸራተተም። አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ከዛፉ ሥር ሲያስቀምጧት ግንዱን በመዳፏ ዳሰሰችው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ንግግር አስረዘመ፤ ከላይ የወረደ አንድ ጠብታ ወረቀቱ ላይ አርፎ ነው ያሳጠረው። ሰሌዳው ተሰጣት፣ ተጨበጨበ። እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ሕንፃውን ታያለች።

«የኛ የቱ ነው?» አለችው።

ጣቱን ቀስሮ አሳያት። አራተኛ ፎቅ፣ ከግራ ሁለተኛው።

«ያቺ?»

«አዎ።»

ዓይኗን አጥብባ አየቻት። ከታች ሲያዩዋት መሀረብ አታክልም። «እኔ እኮ ትልቅ ትመስለኝ ነበር» አለች።

 እሱ አራት ወር ሙሉ ለዚያች መስኮት ሲሮጥ ከርሟል፤ አንድም ቀን ከዚህ ቆሞ አላያትም። ኀፍረቱ ከእግር ጥፍሩ ጀምሮ ወጣበት፣ እንባውም አብሮ መጣ። ሚስቱ አየችው፣ አልቀለደችበትም። ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞረች።

«ዶክተር፣ ነገ የሚመችህ ከሥራ በፊት ነው በኋላ?»

ጥርስ ሐኪሙ ባልየውን አየው፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስል።

«እሷን ስማት» አለ ጋሽ ወፍ የለም። «እኔ ከፊት እይዛለሁ።»